አባቴን ኮሎምቢያ ወንዝ ልወስዳቸው ነው፤ ከየት ልጀምር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምኖረው ሲያትል ነው። አባቴ ከባሕር ዳር መጥተው እስከ ግንቦት አጋማሽ እኔ ጋ ናቸው። ዕድሜያቸው 68 ነው። ያሳደጉን ጣና ላይ ዓሣ እያጠመዱ ነው። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ማለትም ኤፕሪል 12 ስለሚውል ጾሙ እንደተፈታ በዳግማ ትንሣኤ ቅዳሜና እሁድ፣ ኤፕሪል 18 እና 19፣ የዋሽንግተንና የኦሪገን ስቴቶች ድንበር ወደሆነው ኮሎምቢያ ወንዝ ወስጃቸው በፀደይ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣውን የስፕሪንግ ሳልሞን እንዲያጠምዱ አስቤያለሁ። ሁለት ጓደኞቼም አብረውን ይመጣሉ። ማናችንም ሳልሞን አጥምደን አናውቅም። ቫንኩቨር ላይ ሆቴል ልይዝ ነው። ጀልባ ይሻላል ወይስ ከዳርቻ ማጥመድ? ፈቃዱስ እንዴት ነው? ምን ምን ዕቃ ልግዛ?
የሲያትሉ አንባቢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሆቴሉን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ወንዙ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን ነው። እኔ የምኖረው እዚሁ ቫንኩቨር ዋሽንግተን ነው። በየዓመቱ ስልኬ ላይ የሚደወለው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ሰው ሆቴል ይይዛል፣ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል፣ ዕቃ ይገዛል፣ የወንዙን ነገር የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። በዚህ ወንዝ ነገሩ መገልበጥ አለበት።

ከፖርትላንድ በስተምሥራቅ ካለው ቦንቪል ግድብ በታች ያለው ኮሎምቢያ ለስፕሪንግ ሳልሞን ዋናው ጊዜው ማርችና የኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ይዘጋል። እንደገና ሊከፈት ይችላል፤ ግን የሚወሰነው ዓሣው ቦንቪል ደርሶ ሲቆጠር ነው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሜይ ውስጥ ነው። አንተ የመረጥከው ኤፕሪል 18 እና 19 እዚያ መሐል ላይ ነው የወደቀው። የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት ዓሣው ወንዙ ውስጥ በብዛት አለ። ዓሣው አለ ማለት ግን ማጥመድ ይፈቀዳል ማለት አይደለም።

ለምን እንደሚዘጋ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው በመዘጋቱ አይናደድም። እዚህ ወንዝ ላይ አብረው የሚወጡት ሳልሞኖች በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ተለያየ አገር እንደሚሄዱ መንገደኞች ናቸው። ገሚሱ ማራቢያ ጣቢያ ተፈልፍሎ የተለቀቀ ነው። ገሚሱ በወንዝ ጠጠር ውስጥ የተፈለፈለ የዱር ዓሣ ነው። አንዳንዱ ቅርብ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ ስምንት ግድብ አልፎ አይዳሆ ተራሮች ውስጥ ነው እንቁላሉን የሚጥለው። የስኔክ ወንዝ የስፕሪንግ ሳልሞን ከ1992 ጀምሮ፣ የላይኛው ኮሎምቢያው ደግሞ ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅ ነው። አንተ የዱሩን ዓሣ ይዘህ ብትለቀው እንኳ ከተለቀቁት የተወሰኑት እንደሚሞቱ ይታሰባል። ለዚያ የሚሞተው ቁጥር ገደብ ተቀምጧል። ወደ ገደቡ ሲጠጋ ወንዙ ይዘጋል።

የዓሣው ብዛትም ከዓመት ዓመት እጅግ ይለያያል። በ1995 ከቦንቪል በላይ ለመውጣት ወደ ወንዙ የገባው የስፕሪንግ ሳልሞን ወደ 12 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። በ2001 ግን ከ400 ሺህ በለጠ። እንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የኦሪገንና የዋሽንግተን የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች በጋራ እየተሰበሰቡ ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸው አንዳንዴ ሊከፈት ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ይወጣል። ሁለቱም ድረ ገጽ ላይ ያወጡታል። ጉዞህ ሳምንት ሲቀረው አንዴ፣ ከቅዳሜው በፊት ባለው ሐሙስ ላይ አንዴ ተመልከት። ጓደኛ የነገረህን ወይም ዓምና የነበረውን አትመን።

እንግዲህ ለአንተ የማቀርብልህ ሐሳብ ይህ ነው። ኤፕሪል 18 እና 19ን አትተው። ግን ኮሎምቢያን ሙጭጭ አትበል። ኮሎምቢያ ከተዘጋ ዊላሜት አለልህ። ዊላሜት ፖርትላንድን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ኮሎምቢያ ውስጥ የሚገባ ትልቅ ወንዝ ነው። የራሱ የስፕሪንግ ሳልሞን አለው። ከዊላሜት ፏፏቴ በታች የማራቢያ ጣቢያ ሳልሞን ማጥመድ በተለምዶ ዓመቱን ሙሉ ይፈቀዳል። ደግሞ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ሰው የሚያጠምደው ሶቪ ደሴትን ተከትሎ በሚሄደው መልትኖማ ቻነል፣ ሴልዉድ አካባቢና ወደ ላይ ኦሪገን ሲቲ ላይ ነው። አባትህን የምወስዳቸው እኔ ብሆን በዚያ ሳምንት መልትኖማ ቻነልን እመርጣለሁ። ውሃው ይረጋጋል። ነፋስ አይበዛበትም። ትልልቆቹ የስንዴ መርከቦች በዚያ አያልፉም።

ሁለተኛ ቀን ደግሞ በልብህ ያዝ፤ ሜይ 2 እና 3። አባትህ እስከ ግንቦት አጋማሽ እዚህ ስለሆኑ ትችላለህ። በዚያን ጊዜ ከቦንቪል በላይ፣ በዋሽንግተን በኩል ያለው ድሬኖ ሌክ ጥሩ ሰዓቱ ላይ ይሆናል። ሳልሞኑ ወደ ማራቢያ ጣቢያው ሲመለስ እዚያ ገብቶ ያርፋል። ጀልባው ግን እርስ በርስ እስኪነካካ ይጨናነቃል፤ ጫጫታ ካልወደዱ አይመቻቸውም። የዚያንም ቦታ ደንብ ለብቻው ተመልከት። ሆቴሉን ስትይዝ በነጻ የሚሰረዘውን ያዝ፤ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣሃል።

ወደ ፈቃዱ እንሂድ። የምትሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለህ አንብበው።

የዋሽንግተን የማጥመጃ ፈቃድ ዓመቱ የሚያልቀው ማርች 31 ነው። ዓምና የገዛኸው ፈቃድ ኪስህ ውስጥ ቢኖርም ኤፕሪል 18 ላይ አይሠራም። ኮሎምቢያ የሁለቱ ስቴቶች ድንበር በሆነበት ቦታ ከጀልባ ላይ የምታጠምድ ከሆነ የአንዱ ስቴት ፈቃድ ይበቃሃል። ከዳርቻ ቆመህ የምታጠምድ ከሆነ ግን የቆምክበት መሬት ስቴት ፈቃድ ያስፈልግሃል። ዊላሜትና መልትኖማ ቻነል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኦሪገን ናቸው፤ የዋሽንግተን ፈቃድ ይዘህ ብትገባ ቅጣት ነው። ስለዚህ ለኤፕሪል 18 አራታችሁም የኦሪገን የአጭር ቀን ፈቃድ ግዙ። አባትህም ጭምር። ዘንጉን ለአንድ ደቂቃ እንኳ የሚይዙ ከሆነ በስማቸው ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ለጎብኚ ይሸጣል፤ ፓስፖርታቸውን ይዘህ ሂድ። ስትገዛ «ሳልሞን ነው የምናጠምደው፣ ኮሎምቢያ ተፋሰስ ውስጥ ነው» ብለህ ተናገር። የሳልሞን መመዝገቢያው፣ ለኮሎምቢያ ተፋሰስ የሚጨመር ክፍያ ካለም እሱ መካተቱን ሻጩ ያይልሃል። ዓሣ ይዘህ ካስቀረህ ወዲያው እዚያው ጀልባው ላይ መመዝገብ አለብህ። ቤት ስደርስ እሞላዋለሁ አይባልም።

ጀልባ ወይስ ዳርቻ ላልከው፣ ለዚህ ጉዞ ጀልባ። ግን የራሳችሁ ወይም የተከራያችሁት አይደለም፤ ጋይድ፣ ማለትም በራሱ ጀልባ ይዟችሁ የሚወጣ ባለሙያ አጥማጅ ያዙ። ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ነገር ግን ዘንጉ፣ መንጠቆው፣ ማጥመጃው፣ መረቡ፣ ላይፍ ጃኬቱ የእሱ ነው። አንተ ዕቃ ልግዛ ብለህ ሱቅ ብትገባ ለአራት ሰው ከዚያ በላይ ታወጣለህ፤ የዚያኑ ዕለት ዓሣው የት እንዳለ ግን ዕቃው አይነግርህም። ስትደውልለት ሦስት ነገር ጠይቀው። በኦሪገን የተመዘገበ ጋይድ መሆኑን፣ ኮሎምቢያ ቢዘጋ የት እንደሚወስዳችሁ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ያስያዝከው ገንዘብ ምን እንደሚሆን። ሁለተኛውን ጥያቄ ቶሎና በግልጽ የሚመልስልህን ያዝ። ደግሞ የ68 ዓመት አባት ይዘህ እንደምትመጣ ንገረው። መጸዳጃና ማሞቂያ ያለው ጀልባ መሆኑን ጠይቅ። ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ከዳርቻ ማጥመድን አልናቅሁትም። እንደውም በዚህ ዓሣ ከዳርቻ መያዝ ይቻላል። የስፕሪንግ ሳልሞን የወንዙን መሐል ፍሰት እየሸሸ ጥልቀቱ ከሦስት እስከ ሰባት ሜትር በሆነ ውሃ፣ ወለሉን ተከትሎ ነው የሚወጣው። ውሃው ሲሞላ ደግሞ ዳርቻውን ይበልጥ ይጠጋል። ጀማሪ ሰው ኃይሉን ሁሉ አሟጦ መሐል ወንዝ ድረስ ይወረውራል፤ ዓሣው ግን ከእግሩ ሥር ያልፋል። ካላማ አካባቢ፣ ቫንኩቨር አጠገብ ፍሬንችማንስ ባር፣ በኦሪገን በኩል ሶቪ ደሴት ላይ ከባድ እርሳስ አስረው፣ ዘንጉን አሸዋ ላይ ተክለው፣ ደወል አንጠልጥለውበት የሚጠብቁ ሰዎች ታያለህ። ወንበርና ቴርሞስ ቡና ይዘህ ብትቀመጥ ጥሩ ቀን ይወጣሃል። ሆኖም ብዙ ሰዓት ያለ ምንም ሊያልፍ ይችላል። አባትህ ከባሕር ዳር ድረስ መጥተው አንድ ቀን ብቻ የሚያጠምዱ ከሆነ ዕድላቸውን እዚያ ላይ አልጥለውም።

አሁን ጀልባው ላይ ስለሚሆነው ነገር። ጋይዱ በአብዛኛው የሚጠቀመው በዝግታ እየነዳ ማጥመጃውን መጎተት ነው፤ ትሮሊንግ ይሉታል። ከክሩ ጫፍ ላይ ሰያፍ የተቆረጠ ሄሪንግ የምትባል ትንሽ የባሕር ዓሣ አለች። ውሃ ውስጥ ስትጎተት ትሽከረከራለች። ከእሷ ፊት ፍላሸር የሚባል የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ ይዞራል፤ የእሱ ምት ዘንጉን ሳያቋርጥ ነቅ ነቅ ያደርገዋል። ሳልሞን ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ አይበላም። ቢሆንም ይነክሳል። አነካከሱም ቸኩሎ አይደለም። መጀመሪያ ጎተት ያደርግና ይተዋል። ደግሞ ይመለሳል። ዘንጉ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ይላል። እዚህ ላይ ነው ልብ የሚፈተነው።

አባትህን ቀድመህ አስጠንቅቃቸው። እጃቸው ላይ ክር ጠምጥመው ቆሮሶ ያጠመዱ ሰው ከሆኑ፣ ዓሣው ነካ ሲያደርግ ወዲያው ሽቅብ መሳብ የለመዱት ነው። በሄሪንግ ግን እንዲያ ከተደረገ ከአፉ ነጥቀህ ትወስድበታለህ። ዘንጉ ከመያዣው ውስጥ እንዳለ ይተዉት። ጫፉ ጎብጦ ውሃ እስኪነካና ክሩ ከመጠምጠሚያው እየጮኸ መውጣት እስኪጀምር ማንም እንዳይነካው። ያን ጊዜ ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሳይቸኩሉ፣ ክሩን ሳያላሉ ማምጣት ነው። የባሕር አንበሳ ብቅ ካለ ብቻ ፍጠኑ። በዚህ ወቅት ሳልሞኑን ተከትለው ወንዙን ይወጣሉ፤ ከመንጠቆ ላይ ዓሣ ነጥቀው ይሄዳሉ።

ዓሣው ጀልባው ጎን ሲደርስ የቀኑ ትልቁ ጉዳይ ይመጣል። ጋይዱ መረቡ ውስጥ እንዳለ ውሃው ውስጥ ይይዘዋል። ጀርባውን እዩ። መሐል ላይ ትልቁ የጀርባ ክንፍ አለ። ከእሱ ወደ ጅራቱ ስትሄድ፣ ጅራቱ ሳይደርስ፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ለስላሳ ሥጋማ ክንፍ ትኖራለች። አጥንት የላትም። እሷ ካለች ዓሣው የዱር ነው፤ ከውሃ ሳይወጣ ይለቀቃል። በቦታዋ የዳነ ጠባሳ ብቻ ካለ የማራቢያ ጣቢያ ዓሣ ነው፤ ገና ትንሽ ሳለ ቆርጠውለት ነው የለቀቁት። እሱን መውሰድ ይፈቀዳል። ለፎቶ ብላችሁ የዱሩን ዓሣ ወደ ጀልባ አታስገቡ። ሕጉም ይከለክላል። እኔም እለምናችኋለሁ። ያ ዓሣ ከዚህ በኋላ ስንት ግድብ እንደሚጠብቀው አስቡ። ከካናዳ ተነስቶ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሄደው በዚህ ወንዝ ዋና አካል ላይ ብቻ 14 ግድቦች አሉ።

አባትህ ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ከጣና እየወጡ በጉማራ ወንዝ ሽቅብ ሄደው እንቁላል የሚጥሉትን ዓሦች ያውቃሉ። በክረምት ወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ምን እንደሚደርስባቸውም አይተዋል። እዚህ ደግሞ ሰው በእጁ ይዞ መልሶ ሲለቅ ያያሉ። ምን እንደሚሉ ለመስማት እጓጓለሁ፤ ጻፍልኝ።

የምትወስዱት ዓሣ ከተገኘ ወዲያው ይታረድ። ስንጥቡ ይቆረጥና ደሙ እስኪያልቅ ባልዲ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ ይደረግ። ከዚያ በረዶ ውስጥ። ይህን ያላደረገ ሰው ማታ ላይ ሥጋው ጠቁሮና ሸትቶ ያገኘዋል። የስፕሪንግ ሳልሞን የሚወደድበት ምክንያት ስቡ ነው። እንቁላል የሚጥለው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ሳይበላ የሚኖርበትን ስብ ይዞ ነው ወንዝ የሚገባው። አብዛኛው ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ቤት ስትጠብሱት ዘይት አታብዙ። በቆዳው በኩል ጋለ ባለ መጥበሻ ላይ አስቀምጡት፣ ጨው ብቻ። አዋዜውን ከጎን አቅርቡት። በበርበሬ መዘፍዘፍ ለሌላ ዓሣ ይሁን።

ልብስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ኤፕሪል ንጋት ላይ ወንዙ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ዝናብም አይጠፋም። ጂንስ አትልበሱ፣ ከራሰ አይደርቅም። ለአባትህ የሱፍ ካልሲ ሁለት፣ ውሃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ። ከመርከብ ጉዞ የሚያማቸው ከሆነ አትስጋ፤ ወንዝ ነው፣ እንደ ባሕር አያናውጥም።

እሁዱን ለማጥመድ አትጠቀምበት ብል ቅር ይልህ ይሆናል። ግን አባትህ ቅዳሜ ከንጋት ጀምረው ይደክማሉ። እሁድ ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳና ቦንቪል ግድብ ውሰዳቸው። መግቢያው በነጻ ነው። ለዓሦቹ የተሠራ የውሃ መሰላል አለ። ከመሬት በታች ባለው መስኮት ሳልሞኑ ከመስታወቱ ማዶ ፍሰቱን እየታገለ ሲያልፍ በዓይንህ ታየዋለህ። ከ1938 ጀምሮ እዚያ ይቆጠራሉ። ያ ቁጥር ነው ወንዙ ይከፈት ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው። አጠገቡ ያለው ማራቢያ ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ኸርማን የተባለ የስተርጅን ዓሣ አለ፤ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። አምባዛ ትልቅ ዓሣ ነው ብለው ለሚያምኑ አባት ማሳየት አለብህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ባለ 14 ጫማ ያገለገለ ጀልባ ገዛ። ኮሎምቢያ ላይ መልሕቅ ጥለን ከልጆቹ ጋር እናጠምዳለን ይላል። ልጆቹ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው። እኔ ፈርቻለሁ። እሱ «አትፍሪ» ይለኛል።
የፖርትላንድ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ባለቤትሽም ይህን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ኮሎምቢያ ላይ መልሕቅ መጣል የለመዱ ሰዎች ሥራ ነው። በስፕሪንግ ፍሰቱ ኃይለኛ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ግንዱ የመልሕቁን ገመድ ከያዘው ትንሽ ጀልባ በቅጽበት ውሃ ይገባበታል። ለዚህ ነው የለመዱት ሰዎች ገመዱን ከትልቅ ተንሳፋፊ ኳስ ጋር አስረው፣ አደጋ ሲመጣ በአንድ እጅ ፈትተው የሚሸሹት። በኋላ በኩል የታሰረ መልሕቅ ደግሞ ጀልባ ያሰጥማል። ይህን በፍጹም እንዳያደርገው። መርከቦችም አሉ፤ ካለፉ በኋላ የሚተዉት ሞገድ ትንሽ ጀልባን ይገለብጣል። ውሃው በዚህ ወቅት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በታች ነው። ዋናተኛም ቢሆን የወደቀ ሰው ትንፋሹ ይቆረጣል፣ እጁ አይታዘዝለትም።

ጀልባውን ግን አይሽጠው። መጀመሪያ የኦሪገንን የጀልባ ትምህርት ወስዶ ካርዱን ያውጣ፤ ሞተሩ ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነ ግዴታ ነው። ከዚያ ጥልቀት በሌለውና በተረጋጋ ውሃ፣ ያለ ልጆቹ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይለማመድ። ልጆቹ የሚገቡበት ቀን ሲመጣ ላይፍ ጃኬታቸው ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ይታሰር። ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች ለሆነ ሕጉ ያስገድዳል፤ እኔ ግን ለአባትና ለእናትም እላለሁ። በልካቸው ይሁን። ጃኬቱን ለብሰው ከትከሻው ላይ ይዘሽ ሽቅብ ሳቢው፤ ጆሯቸው ድረስ ከወጣ ሰፍቷቸዋል። የማጥመጃ ፈቃድ ለእነሱ አያስፈልግም፤ በኦሪገን ከ12 ዓመት በታች ነጻ ነው፤ ሳልሞን የሚያጠምዱ ከሆነ ግን የሳልሞን መመዝገቢያው ያስፈልጋቸዋል። ለዘንድሮ ሶቪ ደሴት ዳርቻ ውሰዷቸው። የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ቀድማችሁ ግዙ። ወደ ውሃው የሚቀርቡ ከሆነ እዚያም ጃኬቱን ይልበሱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለት ሦስት ሳልሞን ብናገኝ ለአንድ የሐበሻ ሬስቶራንት መሸጥ እንችላለን? ባለቤቱ «አምጡ» ብሎናል።
ከቫንኩቨር

መልስ፦ አይቻልም። በመዝናኛ ፈቃድ የተያዘ ዓሣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሻጭም ገዢም ይጠየቃሉ፤ ለሬስቶራንቱም ትልቅ ጣጣ ነው። ደግሞ በዚህ ወቅት ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው ኮሎምቢያ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳልሞን ነው። እሱን ለቤተሰብህ አብላ፣ ለጎረቤት ስጥ።

ትኩስ ሳልሞን መግዛት ከፈለጋችሁ ትክክለኛ ቦታ አለ። ካስኬድ ሎክስ ከተማ ላይ፣ ብሪጅ ኦፍ ዘ ጎድስ የሚባለው ድልድይ አካባቢ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች አጥማጆች ከመኪናቸው ጀርባ ይሸጣሉ። በ1855 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል የያካማ፣ የኔዝ ፐርስ፣ የኡማቲላና የዋርም ስፕሪንግስ ሕዝቦች በጥንት ቦታቸው የማጥመድ መብታቸውን አስከብረዋል። ብዙ ዋጋ ከፍለውበታል። ሴሊሎ የሚባል ፏፏቴ ነበራቸው፤ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ የሚያጠምዱበትና የሚገበያዩበት ቦታ ነበር። ማርች 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ ውሃ ሲሞላ በሰዓታት ውስጥ ተዋጠ። ስለዚህ ከእነሱ ስትገዙ ዋጋ አትከራከሩ።

ሽያጩ የሚኖረው የእነሱ የንግድ ማጥመጃ ጊዜ ሲከፈት ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት መከፈቱን አረጋግጡ። ጠዋት ሂዱ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በረዶ የሞላ ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። ዓሣው መቼ እንደወጣ ጠይቁ። ስንጥቡን ገልጣችሁ እዩ፤ ደማቅ ቀይ ይሁን። ደረሰኝም ተቀበሉ።